ዝም ያለችው አዮን

አንድ ደምሰው የሚባል ተመራማሪ ነበር። ሥራው አዮን የምትባል፣ ኤሌክትሪክ የተሸከመች ከዓይን የረቀቀች ቅንጣት በወጥመድ ይዞ ማቀዝቀዝ ነው። ቅንጣቷ ግን አርፋ አትቀመጥም፤ ትንቀጠቀጣለች። ሙቀቷም ይኸው መንቀጥቀጧ ነው። ደምሰው በጨረር ሲነካት አንድ ደረጃ ትወርድና ብልጭ ትላለች። ደግሞ ይነካታል፣ ደግሞ ትወርዳለች። የመጨረሻውን ወለል ስትረግጥ ሰከነች ይባላል።

ምን ያደርጋል፣ ልትደርስ ነው ብሎ ሲጓጓ ብልጭታው ድርግም ይልበታል። «ይኸው አመለጠች!» ይልና ወጥመዱን አጥፍቶ ሌላ ሊይዝ ይነሣል። እንዲህ እያለ ወራት ሄዱ። የምርምር ቤቱ አለቃም «እስከ ዓርብ ካላሰከንካት ክፍሉን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ» አለው።

ዓርብ ጠዋት እንደገና ጨለመበት። ጠረጴዛውን በጡጫ መታው።

«እኔን ለማቃጠል የተፈጠረች ናት እኮ! በቃኝ!» ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ።

የቀድሞ መምህሩ ጋሽ ወርቅነህ ሊጠይቁት መጥተው በሩ ላይ ቆመው ኖሯል።

«ቆይ እስቲ አንተ ልጅ፣ ምን አደረገችህ?»

«አትመልስልኝማ ጋሼ! ውረጂ ስላት ዝም!»

«ወለል ላይ ከደረሰች ወዴት ትውረድልህ? ጉድጓድ ትቆፍር?»

ደምሰው እጁ አየር ላይ ቀረ። «መድረሷን በምን አውቃለሁ?»

«መውረድ ብቻ ነው እንዴ የምታዛት? እስቲ ወደ ላይ ውጪ በላት።»

ደምሰው ጨረሩን ወደ ላይ በሚያወጣው ለወጠ። ቅንጣቷ ወዲያው ብልጭ አለች። የትም አልሄደችም፤ እስካሁን ከታች ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ኖሯል። አለቃውም መጥቶ አየ፤ ክፍሉ ከደምሰው እጅ አልወጣም። እሱ ግን ፊቱ አልፈካም።

«ጋሼ፣ እስከ ዛሬ የደፋኋቸውስ?»

«እነሱማ ደርሰው ነበር ልጄ።»

እኛስ? ልጅ ሲረብሽ እንቆጣለን፤ ሲሰክን ደግሞ «ምነው ዘጋኸኝ? አኩርፈህ ነው?» እያልን እስኪነድ እንነዘንዘዋለን። ሰላም ስጠን ብለን ጸልየን፣ ቤቱ ጸጥ ሲል እግዚአብሔር ረሳን እንላለን። ዝምታ ሁሉ መጥፋት አይደለም፤ የለመንነው ነገር መድረሱም ሊሆን ይችላል። ታዲያ ዛሬ በእናንተ ቤት ዝም ያለው ማን ነው? እጃችሁን ወደ ማጥፊያው ከመስደዳችሁ በፊት፣ በሌላ ቃል ጠይቃችሁታል?