የቅበላው በሬ

ደጃዝማች መሸሻ ወንዝ ማዶ ያሉትን ፊታውራሪ ድልነሳውን ሊወጉ ተነሡና፣ ጾም ሳይገባ ሠራዊቱ ለቅበላ ሥጋ ይጥገብ ብለው ከየገበሬው በሬ ያስነዱ ጀመር። አንድ ሽማግሌ ግን የበሬውን ገመድ አለቅም አለ። አንደኛውን በሬ ባለፈው ዘመቻ በልተውበታል፤ ይኸኛው ከሄደ ማሳው ጦም ማደሩ ነው።

ይዘው ደጃዝማቹ ፊት አቀረቡት። የንስሐ አባታቸውም አጠገባቸው ተቀምጠዋል።

«አንተ፣ በሬህን የምትከለክለኝ የጠላቴ ወዳጅ ሆነህ ነው?»

«ጠላታችሁን ውደዱ ሲባል ሰምቼ ነው፣ ጌታዬ።»

«እኔም እኮ እየወደድኩት ነው የምወጋው፤ አባ ፈቅደውልኛል» አሉ ደጃዝማቹ እየሳቁ። «በል ንገረኝ፣ ድልነሳውን ትወደዋለህ? እወደዋለሁ ካልክ ከዳተኛ ነህ፣ አሰቅልሃለሁ። እጠላዋለሁ ካልክ ወንጌል አፍርሰሃል፣ አባ ይገዝቱሃል።»

ሽማግሌው መሬት መሬቱን እያየ መለሰ።

«እሳቸውማ በሬዬን አልበሉ፣ ቤቴ ወታደር አላሰፈሩ፤ ምን አድርገውኝ ጠላት ልበላቸው? የወንጌሉን ቃል ልፈጽም ብዬ ማታና ጠዋት የምጸልየው ለእርስዎ ነው። ይኼንንም በሬ ከነዱብኝማ፣ ስግደት ልጨምርበት ነው።»