ፊደል ያጣው ላፕቶፕ

አንድ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። እንግዳሸት ይባላል። ከዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በር ፊት ለፊት ሸራ ወጥሮ፣ መብራት ከጉደታ ሻይ ቤት በገመድ ስቦ፣ በአሮጌ ላፕቶፕ የሰው አቤቱታ ይጽፋል። የላፕቶፑ ክዳን ጥጉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ቁልፎቹ ላይ የአማርኛ ፊደል ያለበት ተለጣፊ አንድ በአንድ ተለጥፏል። እንግዳሸት ግን ሲጽፍ ቁልፉን አያይም። ዓይኑን ባለጉዳዩ ፊት ላይ ተክሎ ጣቱ ብቻውን ይሮጣል። ሰውዬው ተናግሮ ሳይጨርስ እሱ ገጹን ያጋምሰዋል። ሰፈሩ በዚህ ይኮራበታል።

ላፕቶፑ ግን አረጀ። እስኪከፈት ድረስ ሻይ ታዝዞ፣ መጥቶ፣ ተጠጥቶ ያልቃል። በየመሀሉም ሲስተሙ ጊዜው አልፎበታልና ይታደስ የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቅ ይልበታል። አጠገቡ ሸራ የወጠሩት ጸሐፊዎች ደህና ደህና ላፕቶፕ ነው የያዙት። ጋሽ እንግዳሸት፣ እሱን ጡረታ አስወጣው፣ ማመልከቻውን እኛ እንጽፍለታለን እያሉ ያሾፉበታል። ሰው ስንት ቀን ይችላል?

አንድ ሐሙስ ቀን ሳምራዊትን አስጠራት። ሳምራዊት ኮምፒውተር የምትሠራ፣ ቀልጣፋ፣ ነገር የማታበዛ ልጅ ናት። ላፕቶፑን ከመውሰዷ በፊት ግን ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ አዲስ ሲስተም ስጭን የድሮው ተጠርጎ ነው። የጻፏቸውን ወረቀቶች አስቀምጥልዎታለሁ። ሌላ እንዲተርፍልዎት የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«ሌላ ምን አለው ብለሽ ነው? እኔ ማመልከቻ እንጂ ዘፈን አላስቀምጥ። ጥረጊው።»

ዓርብ ጠዋት ላፕቶፑ ተመልሶ መጣ። ሲከፈት ሰማያዊ ተራራ የመሰለ ሥዕል ይዞ ፍክት አለ። እንግዳሸትም አብሮ ፈካ።

ዘርፌ ቀድማ መጥታ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። ይህች ሴት ባሏ ሞቶባታል። የባሏ ወንድም ቤቱ የአባቴ ነው፣ ልቀቂ ብሎ ከሷት ተፈርዶባታል። ይግባኝ የምትልበት የመጨረሻው ቀን ያ ዓርብ ነበር። ካለፈ ከነልጆቿ መውጣቷ ነው። እንግዳሸት ማመልከቻዋን አጋምሶላት ስለነበር የቀረው መጨረስና ማተም ብቻ ነው።

የተጋመሰውን ከፈተው። ከላይ እስከ ታች ሣጥን በሣጥን ሆኖ ወጣ። አንድ የሚነበብ ፊደል የለበትም። ዘርፌ አንገቷን አስግጋ አየችና የፍርድ ቤት ጽሑፍ እንዲህ ይሆናል ብላ አመነች። እንግዳሸት እንደ አዲስ ልጻፈው ብሎ «ለ» የተለጠፈበትን ቁልፍ ተጫነ። የእንግሊዝኛ ፊደል ወጣ። ደግሞ ተጫነ። ያው እንግሊዝኛ ነው።

ሰው ተሰበሰበ። ግራ የሚያጋባው ደግሞ ላፕቶፑ ያው መሆኑ ነው። ስንጥቁ ያው፣ ፕላስተሩ ያው፣ ተለጣፊው ያው። «ለ» ተብሎ ተለጥፎ እያየነው «ለ» አይልም። እንግዲህ ምኑ ነው የተቀየረው? አንዷ ጠበል ይረጭበት አለች። አንዱ የመብራቱ ነገር ነው አለ። ያሸነፈው ግን የባለ ሻይ ቤቱ የጉደታ ሐሳብ ነው። ተለጣፊው አርጅቶ ኃይሉ አልቋል፣ አዲስ ይለጠፍለት አለ። ለካ እንግዳሸት ራሱ አማርኛው ከተለጣፊው የሚወጣ ነበር የሚመስለው! ያን ሁሉ ዘመን የጻፈበት ሰውዬ።

አዲስ ተለጣፊ ተገዝቶ መጣ። አሮጌውን በምላጭ ፈቀው፣ አዲሱን እያስተካከሉ፣ እየተጫኑ ለጠፉት። አማረ። እንግዳሸት «ለ»ን ተጫነ። እንግሊዝኛ። ጉደታ አልደነገጠም፤ ገና ስለተለጠፈ ነው፣ ትንሽ ይድረቅ አለ።

ይድረቅ ተብሎ ሲጠበቅ ምሳ ሰዓት አለፈ። ዘርፌ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና «ጋሼ፣ እንግዲህ ቤቴ ሄደ?» አለችው።

ያኔ ነው ሳምራዊትን መጥራት ትዝ ያላቸው። መጥታ አዲሱን ተለጣፊ በጣቷ ነካ ስታደርገው ነገሩ ገባት። አማርኛውን የሚጽፈው ተለጣፊው አይደለም አለች። ውስጥ የተቀመጠ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ ድሮ አንድ ሰው ጭኖልዎት ሄዷል፤ እሱ ነው ከድሮው ሲስተም ጋር አብሮ የተጠረገው። ማመልከቻውም አልጠፋም፣ የጠፋው የሚያሳየው ፊደል ነው አለች። ይህን ስትል የተሰበሰበው ሰው ይበልጥ ግራ ገባው። አልጠፋም ተባለ፤ ግን የለም።

«ምን ይትረፍልዎት ብዬ ጠይቄዎት አልነበር ወይ፣ ጋሼ?»

«መኖሩን የማላውቀውን እንዴት ብዬ ይትረፍልኝ ልበልሽ?»

«እኔስ ያልነገሩኝን በምን ልወቅ?»

ሁለቱም ልክ ናቸው። ጉዱም ይኸው ነው፤ የሚወቀስ ሰው ታጣ።

ሳምራዊት ሌላ የአማርኛ መጻፊያ ጫነችለት። አማርኛ ወጣ። ግን የተጋመሰው ማመልከቻ ያው ሣጥን ነው፤ የቁልፎቹም ፊደል ሁሉ ቦታውን ቀያይሯል። የእንግዳሸት ጣት በለመደው ሲሮጥ የሚወጣው ሰው የማያውቀው ቃል ነው። ላፕቶፑም አዲሱ ሲስተም ከብዶት፣ አንዷን ፊደል ለማውጣት ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ ያቃስታል። ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው፤ ጎረቤት ጸሐፊዎቹም ላፕቶፓቸውን ዘግተው ሄደዋል።

እንግዳሸት ላፕቶፑን ገፋ አደረገና ወረቀትና እስክሪብቶ ለመነ። «ዘርፌ፣ እንደገና ንገሪኝ። ከመጀመሪያው» አላት። እሷ እያለቀሰች ትናገራለች፣ እሱ በእጁ ይጽፋል። ሆሄው ይንጋደዳል፣ መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል። ተሯሩጠው ሲደርሱ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቦርሳዋን አንጠልጥላለች። ወረቀቱን አገላብጣ ይህ ደግሞ የማን ጽሑፍ ነው ብላ ፊቷን አጨማደደች። ግን ተመልሳ ተቀመጠችና ተቀበለችው፤ ማህተሙንም መታችበት። ዘርፌ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

እንግዳሸት ዛሬም እዚያው ሸራ ሥር አለ። ተለጣፊውን በአዲሱ ቦታ አስለጥፎ፣ ቁልፍ ቁልፉን እያየ፣ እንደ ሽሮ ክክ አንድ በአንድ እየለቀመ ይጽፋል። ጎረቤቶቹ አሁን ደግሞ በዚህ ያሾፉበታል።

ወገኖቼ፣ ማደስ መልካም ነው። ያረጀ ነገር ይታደሳል፣ ማንም አይከለክልም። ግን ጥረጊው ከማለታችን በፊት ሥራውን የሚሠራልን የትኛው እንደሆነ እንወቅ። እኛ የምናየው ከላይ የተለጠፈውን ነው። የምናመሰግነውም እሱን፣ ነገር ሲበላሽ ፍቀን የምንቀይረውም እሱን። ውስጥ ሆኖ ድምፁን ሳያሰማ የሚያኖረንን ግን ስሙንም አናውቅም። ስም አልጠራም እንጂ፣ አብራው የኖረችውን ሴት ምን ትሠራለች ብሎ አሰናብቶ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀብቶ፣ ሶፋ ቀይሮ፣ ቤቱ ለምን እንደቀዘቀዘ ግራ የገባው ሰው እኛው መንደር አለ። እሱም ቀለሙ እስኪደርቅ እየጠበቀ ይሆናል።

እስቲ እርስዎም ዛሬ ቤትዎን፣ ሥራዎን፣ አጠገብዎ ያለውን ሰው ዞር ብለው ይዩ። ነገ አንዱ መጥቶ ሁሉም ሊጠረግ ነው፣ ምን ይትረፍልዎት ቢልዎት፣ የማንን ስም ይጠራሉ?