የትኛው ቡላ

አንድ ሰው ነበረ፣ ቤቱን በገዛ እጁ የሚያሳምር። አንተ ልጄ፣ «ሚስቴ ቃሏን ገለበጠችብኝ፤ ምን ላድርጋት?» ብለህ ጠይቀኸኛልና የሱን ነገር ስማ።

ይህ ሰው የበቅሎ አገር ልጅ ነው። ሚስቱ ደግሞ የእንሰት አገር ልጅ ናት። አማርኛውን ሁለቱም እንደ ውሃ ይጠጡታል። ከተጋቡ ገና ዓመታቸው ነው። የኩሽናውን ወለልና ግድግዳ ሴራሚክ ለማልበስ አሰቡና፣ «ሰው ለምን እንለምናለን? እኔው እሞክረዋለሁ» አለ። በስመ አብ ብሎ ጀመረ። ሁለት ሳምንት ተንበርክኮ፣ ጉልበቱ እስኪላጥ፣ አንድ ባንድ ደረደረው። አማረለት። የቀረው በሴራሚኩ መሃል መሃል ያለውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነው። መሙያው ደግሞ በየቀለሙ ይሸጣል።

ሊገዛ ሲወጣ፣ «ምን ቀለም ይሁን?» አላት።

«ቡላ ይሁን» አለችው።

«ቡላ?»

«አዎ፣ ቡላ። ልቤ እሱን ነው የወደደው።»

እሱም ደስ አለው። አባቱ ቡላ በቅሎ ነበረችው፤ አቧራ የመሰለች፣ ግራጫም ቢጫም ያልሆነች፣ ጭቃ የማታሳይ። «ሚስቴ ብልህ ናት» እያለ ገዝቶ መጣ። ወለሉን ሞላ፣ በእርጥብ ስፖንጅ ጠራረገ፣ ግድግዳውን ለነገ ብሎ ወገቡን ይዞ ተነሣ።

ሚስቲቱ ገብታ አየች።

«ምነው የኔ ጌታ! ይሄ ምንድን ነው?»

«ያዘዝሽኝ ነዋ። ቡላ።»

«እኔ ይሄን አላልኩም!»

«በዚሁ አፍሽ ነው ያልሽው!»

«አፌን ተወውና ዓይንህን ታከም። ይሄ የአህያ ጀርባ ነው እንጂ ቡላ ነው?»

እሱም የተላጠ ጉልበቱን አሰበና፣ «አንቺ ቃልሽን የምትገለብጪ ሴት ነሽ» አላት። ከአፉ ሲያወጣው ያን ያህል ከባድ አልመሰለውም ነበር።

ሦስት ቀን ተኮራረፉ። ምግብ ታቀርብለታለች፤ አታጎርሰውም። ቅዳሜ ደግሞ እናቷ ቤታቸውን ልትመርቅ ከአገር ቤት ትመጣለች። የተኮራረፈ ቤት እንዴት ይመረቃል? አሜን የሚለው ማን ነው?

ዓርብ ጠዋት ሊጸልይ ቆመ። «ጌታ ሆይ፣ ይህችን ሴት መልስልኝ» አለ። ቀጥሎ አባታችን ሆይን ያዘ፤ ይቅርታው ላይ ሲደርስ ምላሱ ተሳሰረ። ደግሞ ቢሞክር፣ እምቢ። እዚያው እንደ ቆመ አንድ ነገር ታየው፤ ሦስት ቀን ሙሉ ተቆጣት እንጂ አንዴም አልጠየቃትም።

ኩሽና ገባ። «እስቲ ቡላ ያልሽውን አሳዪኝ» አላት።

ቀና ብላ አየችው። «ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ» አለች። እናቷ የላከችላትን እሽግ ከመደርደሪያው አወረደች። ፈታችው፤ ከዱቄቱ ዘግና ወለሉ ላይ፣ እሱ ከሞላው መስመር አጠገብ አፈሰሰችው። ለገንፎ የሚሆን የእንሰት ቡላ ነው፤ እንደ ወተት የነጣ።

ሰውየው ዱቄቱን አየ፤ መስመሩን አየ። «እኔ እኮ የአባቴን በቅሎ ነው የገዛሁልሽ» አለ።

ሳቋ አመለጣት። «የኔን ገንፎ በቅሎ አደረግኸው! ዓመት ሙሉ በልተኸው?»

«ቀለሙን መች አየሁት፣ ቅቤው ሸፍኖት!»

ያን ጊዜ ወለሉን ሊፍቅ ቢላዋ አነሣ። እጁን ያዘችው። «ተወው፤ ጭቃ አያሳይም። ግድግዳው ገና ነው አይደል?»

ነጩን መሙያ ገዝቶ ግድግዳውን ሞላው። ቅዳሜ እናቷ መጣች፤ ወለሉንም ግድግዳውንም እየተዘዋወረች አየች። «ልጆቼ፣ ቀለሙ ምን ይባላል?» ብትል ሁለቱም ባንድ አፍ «ቡላ!» አሉ። አሮጊቷ ምንም አልገባትም፤ ግን መረቀች። አሜን የሚልም ሁለት ሰው ተገኘ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ ሰውዬ አንተ ነህ። ከሚስትህ አፍ የወጣው ቃል አንድ ነው፤ በሷ ልብ ገንፎ ነው፣ ባንተ ልብ በቅሎ። ቃሏን አልገለበጠችም። ምን ላድርጋት አልከኝ፤ ምንም አታድርጋት። ቤትህ ግባና «የትኛውን ነው ያልሽው?» በላት። ጠይቀሃትም ካልተግባባችሁ፣ ያኔ ተመልሰህ ና። እኔ ግን ወንበር አላወጣልህም፤ እንደማትመጣ አውቃለሁና።