አንድ ዙር ለአቶ ንጋቱ

የቸኮለ ሰው አውቶቡሳችን ውስጥ ይቆይ፤ ጊዜ ያለው ወደዚህ ጠጋ ይበል። ወሬው የወይዘሮ ዘነበወርቅ ነው።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ጃፓን የምትኖረውን ልጃቸውን ማኅደርን ሊጠይቁ ሄደው፣ እሷም እናቷ ቤት ተቀምጠው እንዳይሰለቹ ብላ በአውቶቡስ ወደ አንድ የገጠር መንደር ወሰደቻቸው። ወሩ ነሐሴ ነው፤ እኛን ዝናብ ሲያበሰብሰን እነሱ ጋ በጋ ነው፣ መንደሩም የበጋ በዓሉን ያከብራል።

መንገድ ላይ አስጎብኚዋ ሳኪ ትንሽ ቢጫ ባንዲራዋን ይዛ ትናገራለች፣ ማኅደር ታስተረጉማለች።

«በዚህ ሰሞን ሙታን ለጥቂት ቀን ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ይላሉ፣ እማዬ። ሰዉም ክብ ሠርቶ ይጨፍርላቸዋል።»

«ይጨፍርላቸዋል? አያለቅስላቸውም?»

«ይጨፍርላቸዋል።»

የወይዘሮ ዘነበወርቅ ባል አቶ ንጋቱ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው። አርባ አራት ዓመት በትዳር ሲኖሩ፣ በየሰርጉ «ዘኔ፣ አንዴ ብቻ ተነሽ» እያሉ ይለምኗቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ሰው ፊት? ሌላ ቀን» ይላሉ። ያ ሌላ ቀን ሳይመጣ አቶ ንጋቱ ሄዱ፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ነገር ፈለጉ። አንድ ዙር መጨፈር፣ አንድ ዙር ብቻ።

መንደሩ ሲደርሱ በእኛ አቆጣጠር አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሾፌሩ ሰዓቱን አይቶ «አንድ ሰዓት ላይ እንነሳለን» አለ። አንድ ሰዓት ካለ አንድ ሰዓት ነው፤ ቀልድ የማያውቅ ሰው ነው።

ጨፋሪዎቹ ሰማያዊ የጥጥ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ማራገቢያ ይዘው ክብ ሠርተዋል። ግን ቆመዋል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ አንዷን ጠጋ ብለው «ልጄ፣ አትጀምሩም እንዴ?» አሏት። እሷም ጎንበስ ብላ እጅ ነሳችና «ያለ ከበሮ እግራችን አይነሳም» አለች። እሳቸውም በመልሱ እጅ ነሱ። እሷ ደገመች፣ እሳቸውም ደገሙ። ማኅደር ባትጎትታቸው እስካሁን እዚያው ነበሩ።

ከበሮ መቺው ከእንጨት በተሠራ ማማ ላይ ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ተቀምጧል። «የኔ ጌታ፣ ጨፋሪዎቹ ያለ ከበሮ አይረግጡም፣ አውቶቡሱም አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። እስቲ ምታው» አሉት።

«ፋኖሱ ሳይበራ ብመታ አባቴ ይቆጡኛል» አለ። «ከሞቱ ቆይተዋል፤ ዛሬ ግን እዚሁ ቅርብ ናቸው።»

የወረቀት ፋኖሶቹ ከማማው እስከ ዛፎቹ ተሰቅለዋል፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ማብሪያውን ይዞ ቆሟል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ወደ እሱ ሄዱ። «ጨፋሪዎቹ ያለ ከበሮ አይረግጡም፣ ከበሮው ያለ ፋኖስ አይመታም፣ አውቶቡሱም አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ምናለ ብታበራው?»

ሰውዬው ራሱን ነቀነቀ። «ሽማግሌያችን ንግግር ሳያደርጉ አላበራም። አምና ተሳስቼ ቀድሜ አበራሁና ዓመቱን ሙሉ መሳቂያ ሆኜ ከረምኩ።»

ሽማግሌው አቶ ሙራይ ዘጠና ዓመታቸው ነው። ንግግራቸው የተጻፈበትን ወረቀት አራት ቦታ አጥፈው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ደረሱ። «አባቴ፣ ጨፋሪዎቹ ያለ ከበሮ አይረግጡም፣ ከበሮው ያለ ፋኖስ አይመታም፣ ፋኖሱ ያለ እርስዎ ቃል አይበራም፣ አውቶቡሱም አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። ምነው ዝም አሉ?»

«እንግዶቼ ቆመው እኔ እንዴት ልናገር? ነውር ነው።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ነውር የሚባል ነገር ያውቃሉና አልተከራከሩም። ዞር ብለው እንግዶቹን አዩ። እውነትም አብረዋቸው በአውቶቡስ የመጡት ሃያ ሁለት ጡረተኞች ወንበር ወንበራቸው አጠገብ ተገትረዋል። አሁን ትንሽ ተናደዱ። ሳኪን «ጨፋሪዎቹ ያለ ከበሮ አይረግጡም፣ ከበሮው ያለ ፋኖስ አይመታም፣ ፋኖሱ ያለ ሽማግሌው ቃል አይበራም፣ ሽማግሌው እንግዳ ቆሞ አይናገሩም፣ አውቶቡሱም አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል። እነዚህ ሰዎች ምን ይገትራቸዋል?» አሏት።

ሳኪ ፊቷ ቀላ። «ከመሐላቸው በዕድሜ ትልቁ ሰው ሳይቀመጥ አይቀመጡም» አለች።

«ታዲያ ይህ ትልቅ የተባለ ሰውዬ የት ሄዶ ነው? ሰው ሁሉ ሲጉላላ አያፍርም?»

ማኅደር ይህን አላስተረጎመችም። ሳኪ ግን በሁለት እጇ ፊት ለፊት ያለችውን ቀይ ትራስ ያላትን ወንበር አሳየቻቸው፤ ቀጥላ እሳቸውን አሳየች። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ያቺን ወንበር አይተዋታል። የባለሥልጣን መስላቸው ነው የሸሿት። ሌላው ሰው ደግሞ ትልቅ ሰውን ተቀመጡ ብሎ ማዘዝ ድፍረት ነው ብሎ ዝም ብሏቸው ነው።

«እኔ ነኝ?» አሉ፣ ድምፃቸው አንሶ። ለአንድ ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሆኗል።

ተቀመጡ። እንግዶቹም ተቀመጡ። አቶ ሙራይ ወረቀታቸውን ዘርግተው ተነሡ። ይሄኔ ወይዘሮ ዘነበወርቅ፣ ሽማግሌ ሲነሣ ተነሥተው የኖሩ ሰው፣ ብድግ አሉ። እንግዶቹም ብድግ አሉ። አቶ ሙራይ ወረቀታቸውን አጥፈው ተቀመጡ። ባለ ፋኖሱ እጁን መለሰ፣ ከበሮ መቺው ዱላዎቹን አስተኛ፣ ጨፋሪዎቹ ማራገቢያቸውን መልሰው አጠፉ። አውቶቡሱ ግን ሞተሩን አስነሣ።

«እማዬ፣ ተቀመጪ እንጂ።»

«ሽማግሌ ቆሞ? አባቴ እንዲህ አድርጎ አላሳደገኝም።»

«ጨፋሪዎቹ ያለ ከበሮ አይረግጡም፣ ከበሮው ያለ ፋኖስ አይመታም፣ ፋኖሱ ያለ ሽማግሌው ቃል አይበራም፣ ሽማግሌው እንግዳ ቆሞ አይናገሩም፣ እንግዶቹ ያለ አንቺ አይቀመጡም፣ አውቶቡሱም አንድ ሰዓት ላይ ይሄዳል» አለች ማኅደር። ከዚያ ቀስ ብላ «ለአባዬ ስትይ» አለች።

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሽማግሌው ሲቆሙ ላለማየት ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ሳቡና ተቀመጡ።

እሳቸው ሲቀመጡ እንግዶቹ ተቀመጡ፣ እንግዶቹ ሲቀመጡ ሽማግሌው ተናገሩ (ደግነቱ አጭር ነው)፣ ሽማግሌው ሲናገሩ ፋኖሱ በራ፣ ፋኖሱ ሲበራ ከበሮው ተመታ፣ ከበሮው ሲመታ ጨፋሪዎቹ ረገጡ። እንግዶቹም ወደ ክቡ ተጋበዙ፤ ወይዘሮ ዘነበወርቅ ከሁሉም ቀድመው ገቡ።

ሦስት እርምጃ ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ እጅ ወደ ጎን። መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ «ንጋቱ፣ ይኸው» አሉ በለሆሳስ፣ እንባቸውም መጣ። ዙሩ ሳይጋመስ ትከሻቸው የራሱን ሥራ ጀመረ፤ ከኋላ ያሉት ጡረተኞችም የሥርዓቱ አካል መስሏቸው ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ዙሩ ሲሞላ አንድ ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ዘነበወርቅ ፊታቸውን ጠርገው «በይ እንሂድ፣ ሰው እንዳናስጠብቅ» አሉ።

ማኅደር ፈገግ አለች። «የሚጠብቅሽ የለም፣ እማዬ። ትልቃቸው ሳይወጣ እንግዶቹ ከክቡ አይወጡም፣ እንግዶቹ ሳይወጡ ሳኪ ባንዲራዋን አታነሳም፣ ባንዲራው ሳይነሳ አውቶቡሱ አይሄድም።»

«አንድ ሰዓት ቢሆንም?»

«ቢሆንም።»

ወይዘሮ ዘነበወርቅ ሾፌሩን አዩት። ሾፌሩ ሰዓቱን ያያል። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

«አርባ አራት ዓመት ነው የለመነኝ፤ በአንድ ዙር እንዴት ይካሳል?» ብለው ወደ ክቡ ተመለሱ።

ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ። እኔም ይህን ሁሉ ያወራሁት ቆሜ ነው። ከመሐላችሁ ትልቁ ማን ነው? ቶሎ ይቀመጥልኝና እኔም ልረፍ።