የነብሩ ደጅ ዘበኛ

ኑ ጠጋ በሉ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ድሮ ድሮ የሆነውን ላውጋችሁ።

ጉም በማይለየው ገደል አፋፍ ላይ የሚኖሩ እንስሳት፣ መከታ የሚባለውን ውሻ የመንደራቸው ዘበኛ አድርገው ሾሙት። በአንገቱም ቀንደ መለከት አሰሩለት። መለከቱ ሲነፋ ሁሉም «ሕግ መጣ!» ብሎ ይቆማል።

መከታ ሌሊት ይጠብቃል፣ ቀን ያርፋል። ቡችሎቹ ግን ብዙ፣ ቀለቡ ጥቂት ነበር። አንድ ቀን አያ ነብሮ ጠጋ አለና፣ «በዕረፍትህ ዋሻዬ ደጅ ቁምልኝ፤ አጥንት እሰጥሃለሁ። መለከቱን ግን እንዳትረሳ» አለው።

መለከቱ ከአንገቱ ላይ፣ «እኔ የመንደሩ ነኝ፤ በነብር ደጅ አታቁመኝ» አለ።

«ዝም በል፤ ልጆቼ ተርበዋል» አለው መከታ፤ ሄደም።

የመጀመሪያው ቀን ማንም ሳይመጣ መሸ። ደረቅ አጥንት ተቀበለ።

በሁለተኛው ቀን ከዋሻው ውስጥ ኮቴ ሰማ። «ምንድን ነው?» ቢል፣ «ውሃ ነው የሚንጠባጠበው» አለው ነብሮ። እርጥብ አጥንት ተቀበለ።

«ውሃ ኮቴ አለው ወይ?» አለ መለከቱ። መከታ አጥንቱን ይዞ ወደ ቡችሎቹ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ጉሙ ዋሻውን ዋጠው። እመት ፍየል በጉሙ ውስጥ እየተጣራች መጣች፤ «ልጄ! ልጄ! ወዴት ነህ?»

«ንፋ!» አለ ነብሮ ከጨለማው።

«አትንፋኝ!» አለ መለከቱ።

መከታ ነፋ። እመት ፍየል ቆም አለች። «የመንደሩ ዘበኛ ካለበትማ ልጄ እዚህ አይጠፋም» አለችና ተመለሰች።

ያን ጊዜ ከዋሻው ቀጭን ድምፅ፣ «እማዬ» አለ። አንዴ ብቻ። ከዚያ ጸጥ።

ሲመሽ ነብሮ አጥንት ወረወረለት። ትንሽ ነው፤ ወተት ወተት ይሸታል። የመከታ ጸጉር ቆመ። አልቀመሰውም፤ በአፉ ይዞ ወደ መንደር ሮጠ፣ በሸንጎው ፊት አስቀመጠው።

«የሰጠኝ ነብር ነው። እናቱን የመለስኳት ግን እኔ ነኝ» አለ።

እመት ፍየል አጥንቱን አሸተተች። «ነብሩን ባየው ኖሮ ልጄ የት እንዳለ አውቅ ነበር። መለከትህን ሰምቼ አመንኩ» አለችው።

እንስሳቱ መለከቱን ከአንገቱ ፈቱ። ለተተኪው ዘበኛ ቀለብ ጨመሩለት፤ ሕግም አወጡ፦ «የመንደር ዘበኛ ሸንጎው ሳያውቅ በግል ደጅ አይቁም፤ ቢፈቀድለትም መለከቱን አውልቆ ይሂድ።»

መከታ ከዚያ ወዲያ አልታየም። በዚያ ዋሻ በኩል የሚያልፍ ግን፣ ማንም በሌለበት፣ «ተመለሽ! ልጅሽ እዚህ ነው!» የሚል የውሻ ጩኸት ይሰማል ይላሉ።

ለሁለት ደጅ ያደረ ዘበኛ፣ አንዱን ሲጠብቅ አንዱን ያስበላል።