ከረጅሙ መልስ የተነበበው አንድ ስም

በአንድ ወቅት... ግባ፣ ግባ፣ ገና መጀመሩ ነው፣ በሩን ዝጋው ብቻ... ሦስት ልጆች የእናታቸውን ሻንጣ ከሦስት አቅጣጫ ይዘው «አልለቅም» ተባብለው ቆመው ነበር። ቦታው ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ተኩል፤ ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። የአዲስ አበባው ሚኒባስ ሞልቷል። እናታቸው ወይዘሮ አሰገደች ጋቢና ተቀምጠዋል፤ ከጎናቸው አንድ ወንበር ክፍት ነው።

«ምንቴ! ተራ አስከባሪው ራስህ ተራ አበላሸህ እኮ!» አለ ሹፌሩ።

«ዝጋ! ትናንት ያለ ተራህ ስትጭን አይቼ ዝም ያልኩህን እዚሁ ልዘርዝረው?» አለው የመጨረሻው ልጅ፣ ምንተስኖት። ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልወጣም።

እናታቸው የሚታከሙበት የአዲስ አበባ ሆስፒታል የሚፈቅደው አስታማሚ አንድ ብቻ ነው። ኦፕራሲዮኑ ረቡዕ ነው። ሐኪሙ ልጆቹን ለብቻ ጠርቶ ብዙ ተስፋ እንዳያደርጉ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ያቺ ወንበር ላይ የሚቀመጠው፣ ምናልባት እናቱን ለመጨረሻ ጊዜ የሚያያት እሱ ነው። የቀሩት ሁለቱ እዚሁ መናኸሪያ ላይ ተሰናበቷት ማለት ነው።

እንዴት እዚህ ደረሱ? ስማ።

ወይዘሮ አሰገደች ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት፣ የወር አበባቸው ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። አገሩ ጋቢ በጋቢ ላይ ሲደርብ እሳቸው በብርድ ልብስ ክምር መሃል ተቀምጠው በካርቶን ያራግባሉ። ላብ በአንገታቸው ይወርዳል፣ እንቅልፍ የሚባል ጠፍቷል። ጎረቤቱ «ዓይነ ጥላ ነው» አለና ከሱቃቸው ደጅ ራቅ ብሎ ማለፍ ጀመረ።

አንድ ቀን «ይቺ ስልክህ የማታውቀው የለም ትላለህ፤ እስቲ ጠይቅልኝ» አሉት ምንተስኖትን።

ጠየቀ። ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ መናኸሪያ የገባ ልጅ ነው፤ ስልክ ላይ ግን የሚቀድመው የለም። ስልኩ ውስጥ ያለው ኤአይ፣ ያ የጠየቁትን ሁሉ የሚመልሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ረጅም መልስ ጻፈለት። ማረጥ ይባላል፣ በሽታ አይደለም አለ። ስስ ልብስ ይልበሱ፣ መስኮት ይክፈቱ አለ። መሃል ላይ «አንዳንድ ሴቶች እንደ ናሪሜላ ያሉ ክኒኖችን ይጠቀማሉ» አለ። የመጨረሻው መስመር ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈ በኋላ ጥቂትም ቢሆን ደም ከታየ፣ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።»

ምንተስኖት አይቶታል። ግን ወንድ ልጅ እናቱ ፊት ቆሞ ስለ ማህፀን ደም እንዴት አድርጎ ያንብብ? ቀኑን ሙሉ ሹፌር ሲሰድብ የሚውል ምላስ ተሳሰረ። ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ ሳያፍር ጮክ ብሎ ሊጠራው የቻለው አንድ ስም ብቻ ሆነ።

«ናሪሜላ የሚባል አለ እማዬ። ሌላው ያው ምክር ነው።»

የበኩር ልጃቸው ልሳኑ ገልባጭ መኪና ይነዳል። ስሙን እንደ ሰማ እንቅልፍ አልወሰደውም፤ በሄደበት ከተማ ሁሉ ፋርማሲ ለፋርማሲ ዞረ። አንዷ ፋርማሲስት «ክኒኑን ተወውና መጀመሪያ እናትህን አስመርምር» አለችው። «እህቴ፣ ኤአዩ ራሱ ስሙን ጠርቶ ነግሮናል፤ አንቺ ከእሱ ታውቂያለሽ?» ብሏት ወጣ። በመጨረሻ ከውጭ በሻንጣ ከምታስገባ ሴት ሦስት ብልቃጥ አገኘ። እናቱ እጅ ላይ ሲያኖረው «እኔስ ልጅ ወልጃለሁ!» ብለው አለቀሱ።

መካከለኛዋ ልጅ ስንዱ አብራቸው ትኖራለች፤ ልብሳቸውን የምታጥበው እሷ ናት። ክኒኑ በተጀመረ በሁለተኛው ወር ልብሳቸው ላይ ደም አየች። ደንግጣ ብትሮጥ እናቷን ሲስቁ አገኘቻቸው።

«ተመለሰልኝ እኮ! መድኃኒቱ ሠራ፤ ልጅ ሆንኩልሽ!»

«እማዬ፣ ለማንኛውም ሐኪም ይየው።»

«ወዲያ! ወንዶቹ እንዳይሰሙ፣ በማርያም ብዬሻለሁ!»

በማርያም ተብላ የጣሰችው ነገር የለም ስንዱ። ደግሞ እናቷን ሲስቁ ካየች ስንት ጊዜዋ! አራት ወር ሙሉ ያንን ደም ብቻዋን አጠበች፤ ሳሙናው እጇን እስኪልጠው። እናቷ አንድ ቀን ገበያ መሃል እስኪወድቁ ድረስ።

ሐኪሙ ሰማና «የማህፀን ካንሰር ነው። ክኒኑ አላመጣውም፤ አላዳነውምም። ደሙ በታየ ሳምንት ብትመጡ ግን ሌላ ነገር እናወራ ነበር» አለ።

ከዚያ ወዲህ ምንተስኖት ሰላም የለውም። ስልኩን ሲከፍት የናሪሜላ ማስታወቂያ ቀድሞት ይጠብቀዋል። ኳስ ሊያይ ሲል አንዲት ሽበታም ሴት እየሳቀች ብልቃጡን ትዘረጋለታለች፤ ሳቋ የእናቱን ይመስለዋል። አንድ ቀን ኤአዩን «ለምን ስሙን ጠራኸው?» ብሎ ጻፈለት። «ስለ ማረጥ በተጻፉ ነገሮች ውስጥ ደጋግሞ ስለሚነሣ እንደ ምሳሌ ጠቀስኩት፤ ይውሰዱት ማለቴ አልነበረም። ማስጠንቀቂያውንም ከታች ጽፌ ነበር» አለው። ወደ ኋላ ሄዶ አየ። አለ። ቁጭ ብሏል። አሁን መሃል መናኸሪያ ቆሞ «አዲሳባ! አዲሳባ!» እያለ ሲጣራ እንኳ፣ ያቺ መስመር በገዛ ድምፁ ጆሮው ውስጥ ትነበባለች።

ትናንት ሦስቱም እናታቸው ፊት ተንበርክከው ሁሉንም አወጡት። እነሆ ጠዋት ደግሞ ሻንጣው ላይ ተያያዙ።

«እኔ ነኝ የምሄደው» አለ ልሳኑ። «አስመርምራት ተብዬ የናቅሁት እኔ ነኝ። አሁን ሐኪም ፊት ልቁምላት።»

«ገላዋን ማን ሊያጥባት ነው? አንተ?» አለች ስንዱ። «ደሟን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሌላ ሰው እንዲያየው አልፈልግም።»

«እናንተ ሳታውቁ ነው» አለ ምንተስኖት። «እኔ አንብቤ ነው የዋጥኩት። ሐኪሙ የሚጽፈውን ሁሉ አንድ መስመር ሳልዘል አነብላታለሁ። ወንድም ጋሼ፣ በሞቴ ልቀቀኝ።»

ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። የጋቢናው መስታወት ቀስ ብሎ ወረደ። በዚያ ብርድ የወይዘሮ አሰገደች ግንባር በላብ ወርዝቷል።

«ልሳኑ የፈለግሁትን አመጣልኝ። ስንዱ ቃሏን ጠበቀችልኝ። አንተ አፈርክልኝ» አሉ። «ሦስታችሁም ስለወደዳችሁኝ ነው። እሱ ነው የከፋው።»

እጃቸውን በመስኮቱ አውጥተው የምንተስኖትን ጉንጭ ያዙት፤ መዳፋቸው ይፋጃል።

«አንተ ንገረኝ ምንቴ። እውነቱን ብቻ። ከሦስታችሁ አጠገቤ መቀመጥ የሚገባው ማን ነው?»