ብረት ብረት ነው ያሉት ፕሮፌሰር

አንድ ቀን እንዳላማው የሚባል ተማሪ የዶክትሬት ጽሑፉን ሊያቀርብ ፈታኞቹ ፊት ቆመ። ጥናቱ ባጭሩ ይህ ነው። ስቴም ሴል የሚባሉ፣ አጥንት ልሁን ጡንቻ ልሁን ገና ያልወሰኑ ሕዋሳት አሉ። በዓይን የማይታይ የብረት ቅንጣት ካስዋጧቸው በማግኔት እየሳቡ የተጎዳ አካል ዘንድ ማድረስ ይቻል ይሆናል የሚል ተስፋ አለ። ችግሩ ሕዋሳቱ መራጮች ናቸው። ራቁቱን የመጣ ብረት እርስ በርሱ ይጓጉልና አብዛኛው ደጅ ይቀራል። ከስኳር ዘር የተሠራ ልባስ የለበሰው ጥቂት ጥቂት ይገባል። ከሕዋሱ ገጽ ጋር የሚሳሳብ ልባስ የለበሰው ግን ዘው ይላል። እንዳላማው ይህን ሲለካና ሕዋሳቱን እንደ አራስ ሲንከባከብ ጸጉሩ ሳስቷል።

ከፈታኞቹ ዋናው ፕሮፌሰር ባንቲደር ነበሩ። ዕድሜያቸውን ብረት ሲያቀልጡና ሲቀጠቅጡ የኖሩ ሰው ናቸው። የማያውቁት ነገር ቢኖር፣ የማያውቁት ነገር መኖሩን ብቻ ነው ይባልላቸዋል። ግራፎቹን አንድ በአንድ ገለጡና የታየው ልዩነት ሁሉ የመለኪያ ስሕተት ነው አሉ። የእንዳላማው አማካሪ ዶክተር የሺመቤት ልትናገር አፏን ብትከፍት፣ የሚመረቀው እሱ ነው፣ እሱ ይመልስ ብለው አስቀመጧት።

«ስማ ልጄ፣» አሉ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ብረት ብረት ነው። ሕዋስ ዓይን የለው፤ ካባ ለለበሰ ብቻ በር የሚከፍት የመኳንንት ዘበኛ መሰለህ እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እንዳላማው ልባሱንና ሕዋሱን ስለሚያሳስበው የኤሌክትሪክ ሙል ጀመረ፤ አቋረጡት። ስለ ሕዋስ ገጽ ጀመረ፤ አዛጉ። በመጨረሻም የልባሱ ምዕራፍ እንዲወጣ ሐሳብ አቀረቡ። ያ ምዕራፍ ከወጣ ከጽሑፉ የሚተርፈው የርዕሱና የምስጋናው ገጽ ነበር። ውሳኔው ከምሳ በኋላ ይሁን ተባለና ተነሡ።

በዚያ ትምህርት ክፍል አንድ የቆየ ልማድ አለ። ጠዋት የተፋጠጡ ሰዎች ቀትር ላይ ከአንድ ትሪ ይበላሉ፤ ቂም ይዞ መፍረድ ደግ አይደለም ብለው የጀመሩት ነው። ዕለቱ ረቡዕ ስለነበር ሽሮ ቀረበ። እጅ ታጥበው ዙሪያውን ተቀመጡ። እንዳላማው እንጀራውን ይቆነጥራል እንጂ አይጎርስም። ፕሮፌሰሩ ግን ሆዳቸው ሲሞላ ልባቸውም ፈታ አለ።

«እንግዲህ ዕድል ልስጥህ፣» አሉት። «ያለ ግራፍ፣ ያለ እንግሊዝኛ አስረዳኝ። ካሳመንከኝ የማለፊያ ወረቀትህ ላይ እዚሁ እፈርማለሁ። ካላሳመንከኝ ምዕራፉን ቀደህ ጣለው።»

እንዳላማው እንጀራውን ወደ ጎን ትቶ ሦስት ጣቱን ሽሮው ውስጥ ነከረ፣ ዛቀ፣ አሻግሮም ወደ ፕሮፌሰሩ አፍ ዘረጋ።

«በሞቴ ፕሮፌሰር፣ ይጉረሱ።»

ሽሮው በጣቶቹ መሐል እየሾለከ እስከ ክርኑ ወረደ። ዶክተር የሺመቤት ዓይኗን ጨፈነች። ፕሮፌሰር ባንቲደር እንደዚያ ቀን ጨንቋቸው አያውቅም። በሞቴ የተባለ ጉርሻ መመለስ ነውር ነው፤ ከሰው ባዶ ጣት ሽሮ መላስ ደግሞ የባሰ ነውር ነው። አፋቸውን ግጥም አድርገው አንገታቸውን ወደ ኋላ ሳቡ፤ ዕብደት ነው ወይስ ንቀት ብለውም በአፍንጫቸው ጠየቁ። አንዱ ፈታኝ ሳቁን ለማፈን ውኃ ቢጎነጭ ውኃው በአፍንጫው ወጣ።

እንዳላማው ጣቱን ጠረገ፣ ከእንጀራው ቆረሰ፣ ከዚያው ሽሮ ዛቀና ድብልብል አድርጎ ጠቀለለ። በግራው ቀኝ ክርኑን ደግፎ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ አቀረበ።

«በሞቴ።»

የፕሮፌሰሩ አፍ ባለቤቱን ሳያማክር ተከፈተ። ጉርሻው ትልቅ ስለነበር ጉንጫቸው እንደ ኳስ ተነፋ፤ ማላመጥ እንጂ መናገር አልቻሉም። እንዳላማው የፈለገው ይህንኑ ነበር።

«ሽሮው ያው ሽሮ ነው ፕሮፌሰር፣» አላቸው፤ «አፍዎን ያስከፈተው ልባሱ ነው።»

ፕሮፌሰር ባንቲደር እያላመጡ በእጃቸው ወረቀቱን አምጡ አሉ፤ ሳይውጡ፣ ሳይታጠቡም ፈረሙ።